«ገና ልጅ ነው» የሚባለው ማን ነው?

ከተማ ውስጥ ኑሮው ትንሽ ቀና ያለለት ቤተሰብ ልጁን ከቤት ሥራ ማራቅን የፍቅር ምልክት አድርጎ ይዞታል። አባትም እናትም ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው ያደጉ ናቸው፤ «ልጄ እንደ እኔ አይልፋ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሥራው ከቤቱ አልጠፋም። ሰሃኑ ይቆሽሻል፣ ሽሮው ይሠራል፣ ካልሲውም ይታጠባል። ማን እንደሚያጥበው ጓዳ ገብቶ ማየት ነው።

ብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ ያለችው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ደላላው «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» ብሏል፤ ፊቷ ግን ሌላ ይናገራል። ሳሎን የተቀመጠው የ13 ዓመት ልጅ ቢላ ቢይዝ ይቆረጣል፣ ምድጃ ቢጠጋ ይቃጠላል፤ «ገና ልጅ ነው»። ከእሱ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት የምትበልጠው ግን ከሰል ታቀጣጥላለች፣ የፈላ ውሃ ታወርዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ማታ ሕፃን አዝላ ታባብላለች። ምክንያቱ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም እኩል ይሠራ ነበር።

ሕጉም ቢሆን ቤት ውስጥ አልገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ 15 ሞልቷቸው 18 ያልደረሱትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይደነግጋል። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን ግን ይኸው አዋጅ ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ስትንጎዳጎድ የምትውል ልጅ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የለም።

ሠራተኛ በሌለበት ቤት ደግሞ ሥራው በሴቷ ልጅ ላይ ይወድቃል። የ14 ዓመት ወንድሟ የበላበትን ሰሃን የ9 ዓመቷ እህቱ ታነሳለች። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚል በግልጽ ላይኖር ይችላል፤ «እሱ ይጥና» ይባላል። እሷ ፈተና የላትም?

ሥራ ለልጅ በአቅሙ እንደሚሰጥ ገጠር ያደገ ሰው ያውቃል፦ ትንሹ ልጅ ከደጅ ሳይርቅ ጥጃና ግልገል ይጠብቃል፤ ጠንከር ሲል በግና ፍየል ይሰጠዋል፤ ከብት ይዞ የሚሰማራው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርፍ የሚጨብጠውም ጉልበቱ ሲጠና። ስንቱን ልጅ ከትምህርት ያስቀረ አሠራር ስለሆነ ይመለስ አልልም። ደረጃ ግን ነበረው፤ ሥራውም የምር ነበር። ጥጃዋ አምልጣ እናቷን ከጠባች ማታ ወተት የለም።

ዛሬ ወላጅ ልጅ በየዕድሜው ቤት ውስጥ የሚሠራውን የሚናገር ዝርዝር በስልኩ ያወርዳል። በስድስት ዓመቱ የቡችላውን ምግብ ይሰፍራል፣ በስምንት ዓመቱ የሰሃን ማጠቢያ ማሽኑን ያራግፋል ይላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ምን ይፈይዳል? እኛ ዘንድ ጥያቄው ጀሪካኑ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ባለ 3 ሊትር ዕቃ ይዞ በርሜሉን በመሙላት ቢያግዝ ይበቃዋል። በአምስት ዓመት ጫማን ቦታው ማስቀመጥ፣ በሰባት እንግዳ እጅ ማስታጠብ፣ በአሥር የውስጥ ልብስና ካልሲን ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ በ13 አዋቂ ባለበት ሽሮ ሠርቶ ማቅረብ የሚያቅተው ጤነኛ ልጅ አላውቅም፤ ወንድም ይሁን ሴት። ከሰል፣ የጋለ ዘይትና በረኪና ግን የማንም ልጅ ሥራ አይደሉም፤ «የማንም» ስል ጓዳ ያለችውንም ጨምሬ ነው።

እንግዲህ እናትም አባትም፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ሰሃኑን ልጃችሁ ራሱ ያንሳ። ጓዳ ያለችው ልጅ 15 ካልሞላት ደግሞ ወደ ወላጆቿና ወደ ትምህርቷ መልሷት፤ ከሞላትም ሰዓቷን ቁጠሩላት፣ የማታ ትምህርት አስመዝግቧት።