ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1965 ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ የኤሌክትሪክ መስክ በባክቴሪያ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ሲመረምር፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈላቸውን ትተው እንደ ክር ሲረዝሙ ተመለከተ። ምክንያቱ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ኤሌክትሮዱ የወጣ ውሁድ መሆኑ በኋላ ተደረሰበት። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይህ መድኃኒት ለተስፋፋ የሽንት ፊኛና የሽንት ቧንቧ ካንሰር ለአሥርት ዓመታት ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ ቆይቷል።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ታሪክ ብንኮራ አይፈረድብንም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሲስፕላቲን ከተሰጠ በኋላ በሽታው ሲያገረሽ ምን ይደረጋል?

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙት እንደ ፓክሊታክሴልና ዶሴታክሴል ያሉትን፣ የሕዋስን መከፋፈል የሚያሰናክሉ መድኃኒቶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ በታተመው የቪንፍሉኒን ጥናት 370 ሕሙማን ተሳትፈው ነበር። መድኃኒቱን የወሰዱት ሕሙማን የዕድሜ ሚዲያን 6.9 ወር፣ ያልወሰዱት 4.6 ወር ሆነ። ሁሉም ተሳታፊዎች ሲቆጠሩ ግን ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊፈጠር ከሚችለው ተለይቶ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኤንፎርቱማብ ቬዶቲን የተባለው፣ መርዙን በቀጥታ ወደ ካንሰሩ ሕዋስ የሚያደርስ አዲስ መድኃኒት ከነባሮቹ ኬሞቴራፒዎች ጋር ተነጻጸረ፤ ሚዲያኑ ለአዲሱ 12.9፣ ለነባሮቹ 9.0 ወር ነበር።

ሚዲያን ማለት ከሕሙማኑ ግማሹ ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ የኖሩበት ነጥብ ነው። የአንድን ሰው ዕጣ አይተነብይም። ስለዚህ «ስድስት ወር ቀረህ» ብሎ መናገር የስሌት ስሕተት ነው፤ «ትድናለህ» ብሎ ማባበልም የባሰ ስሕተት ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሩቅ ወሬ አይደለም። ከደባርቅና ከዳባት ደጋ ወደ ጎንደር የሚመጣ ሕመምተኛ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ነው የሚያሳክመው። የሚቀጥለው መድኃኒት ሲታዘዝ «ምን ያህል ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራልና።

በእኛ አስተያየት ሁለተኛውን መድኃኒት ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። አንደኛ፣ የሕመምተኛው ኩላሊት እንዴት ነው? ዕጢው የሽንት ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል፤ ሲስፕላቲንም በበኩሉ ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለተኛ፣ አቅሙስ? ሲስፕላቲንም ሆነ ፓክሊታክሴል እጅና እግርን ሊያደነዝዙ ይችላሉ፤ ይህ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ ዓላማው ምንድን ነው? ዕድሜ ማራዘም፣ ሥቃይ ማስታገስ ወይስ ቤተሰቡ «አላሳከማችሁም» እንዳይባል?

ቁጥር ተስፋን ይገድላል የሚሉ ወገኖች አሉ። እኛ ግን ተስፋን የሚገድለው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ የሚሰማ እውነት ነው እንላለን። ኬሞቴራፒን መተው ሕክምናን መተው አይደለም፤ ሞርፊንና የማስታገሻ ክብካቤ የሕመምተኛው መብት ናቸው።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት፣ በሽታን ቀድሞ በመከላከል ዓላማ ነበር። የዚህ ካንሰር ዋነኛ መንሥኤ ትምባሆ ነው፤ ቀዳሚ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው ደም በሽንት ውስጥ መታየቱ ነው። ደሙ አንድ ቀን ታይቶ ሊጠፋ ይችላል፤ መጥፋቱ ግን የመዳን ማስረጃ አይደለም። ውድ አንባብያን፣ ይህን ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሩልን። በጊዜ የተደረገ አንድ ምርመራ በኋላ ከሚመጡት መድኃኒቶች ሁሉ ይበልጣል።