ሪፈር የተጻፈላት ሴት የት ደረሰች?

የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት የወለጋ ሴት ዕድሏ የሚወሰነው በጨረር ማሽን መኖር ብቻ አይደለም፤ ሪፈር ከተጻፈላት ቀን አንስቶ ሕክምናዋን እስከምትጨርስ በሚያልፈው ጊዜም ነው። ስለዚህ ይህን ጊዜ መዝግቦ የሚያጠና ሐኪም ከሚያክመው ባልተናነሰ ያስፈልገናል። የአዲስ አበባው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልምድ ለዚህ ምስክር ነው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። የካንሰር ሐኪሙ ዶ/ር ማቴዎስ አሰፋና የጀርመኑ የሃሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,059 የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተሙ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ጨረር እስኪጀመርላቸው 3.8 ወርና ከዚያ በላይ ጠብቀዋል፤ ወረፋ ላይ እያሉ ሕመማቸው የባሰባቸውም ነበሩ። ያ ጥናት ባይኖር ኖሮ የወረፋው ጉዳት በወሬ ይቀር ነበር።

ጊዜ እዚህ ላይ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ጨረሩ መጀመሪያ ከውጭ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ያህል ይሰጣል። ቀጥሎ ጨረር አመንጪው በልዩ መሣሪያ ወደ ማኅፀኑ በር ገብቶ ዕጢውን ከቅርብ ይመታል። ጠቅላላው ሕክምና ከ8 ሳምንት ካለፈ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል። ከወለጋዋ ነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጊምቢና ከደምቢዶሎ ደግሞ ይብሳል። ልጆቿንና ማሳዋን ትታ፣ አስታማሚ ይዛ፣ ቤት ተከራይታ ሁለት ወር መክረም ለገበሬ ሴት ቀላል አይደለም። በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል። አሁን የጨረር ሕክምና ጅማም ስላለ፣ በበደሌ በኩል መሄዱ ጊዜውን ያሳጥር እንደሆነ የሚነግረን መዝገብ ብቻ ነው።

«ሐኪም ባልበቃበት አገር ምርምር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል፤ ግን ከጨረሩ ጋር ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት መስጠት ብዙ ሴቶችን ከሞት እንደሚያተርፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆኑ 5 ጥናቶች ነው። ያን ያገኙት እያከሙ የሚመራመሩ ሐኪሞች ናቸው። በወለጋም ቢሆን የአይራ ሆስፒታል 107 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የተካተቱበት ጥናት ታትሟል፤ ስለዚህ ከገጠር ሆስፒታል ዕውቀት አይወጣም ማለት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ ገንዘቡ ለክትባትና ለቅድመ ምርመራ ይዋል ይላሉ። ሁለቱም የግድ ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የታሰበ ነበር፤ ዛሬ የታመሙትን እናቶች አይፈውስም። ቅድመ ምርመራውም ሲስፋፋ ጨረር የሚያስፈልጋቸውን ሴቶች ያወጣል፤ እነርሱን ወዴት እንልካቸዋለን?

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልና ሌሎቹ የአካባቢው ሆስፒታሎች ይህን ሥራ ለመጀመር ማሽን መጠበቅ የለባቸውም። በየታማሚዋ ካርድ ላይ አራት ቀኖች ይጻፉ፦ የተመረመረችበት፣ ሪፈር የተጻፈላት፣ ጨረር የጀመረችበትና የጨረሰችበት። የቀረችውን በስልክ የሚፈልግ ባለሙያ ይመደብ። ወጣት ሐኪሞችም ይህን የሕይወት ዘመን ሙያቸው ያድርጉት። ነቀምቴ የጨረር ማዕከል ይገባታል ብለን የምንጠይቅ ከሆነ፣ ጥያቄያችንን በእነዚህ ቀኖች አስደግፈን እናቅርብ።