ማሽኑ የተማረው በማን ልብ ነው?

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተወራ ቁጥር የልብ ምርመራ ይነሳል። ኮምፒውተሩ የኢኮ ምስል አንብቦ ማን እንደሚያሰጋው ይለያል። የልብ ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትንሽ ዜና አይደለም። ከሻሸመኔ፣ ከዝዋይ፣ ከመቂ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይዞ የሚንከራተተውን ሕመምተኛ ያየ ሰው ማሽኑን አይጠላም። እኔም ይግባ ባይ ነኝ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ የተማረው በማን ልብ ነው?

ስሙ በብዛት የሚጠራውን ኢኮኔትን እንውሰድ። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ ያደረጉት ነው። የተማረው እዚያው በታከሙ ሰዎች 10,030 የኢኮ ቪዲዮዎች ነው። ዋና ሥራው ልብ በእያንዳንዱ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚረጭ መለካት ነው።

በእኛ አገር ግን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን ቫልቭ ያበላሻል። ቫልቩ ተበላሽቶም የልብ ጡንቻ ለዓመታት ደም በደንብ ሊረጭ ይችላል። መርጨቱን ብቻ የሚለካ ማሽን እንዲህ ያለችውን ልጅ «ደህና ናት» ብሎ ወደ ቤቷ ይሸኛታል። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ።

«ቫልቭ የሚያይም ይሠራል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ከተገኘ በኋላስ? ኡጋንዳ ውስጥ ሕመሙ ገና ስሜት ያልሰጣቸው 818 ልጆች ተለይተው ነበር፤ ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። እ.ኤ.አ በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከሁለት ዓመት በኋላ የባሰባቸው ከተወጉት 3፣ ካልተወጉት 33 ነበሩ። ልጆቹን ያተረፋቸው ምስሉ ብቻ አይደለም፤ ምስሉን ተከትሎ የመጣው መርፌ ነው። መርፌው ከሌለ ማሽኑ የሚያመጣው መርዶ ብቻ ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ግን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት በሺዎች ናቸው፤ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

ለአዋቂዎቹም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 16 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሰው የደም ግፊት ነበረበት። ይህን ለማወቅ የግፊት መለኪያ ይበቃል።

ስለዚህ ማሽኑ ይምጣ። ነገር ግን አስቀድሞ እንደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ባለ ቦታ በራሳችን ሕመምተኞች ይፈተን፤ የሳተውም ያገኘውም ለሕዝብ ይነገር። የማሽኑ በጀት ሲጸድቅ የፔኒሲሊኑና የግፊት መድኃኒቱም በጀት አብሮ ይጽደቅ። በሽታውን ነግሮ መድኃኒቱን የሚነፍግ ሕክምና ለእናት ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ይፈይዳል?