የአያትን መዝገብ ስለ መመርመር

የአያት ታሪክ በቤተሰብ መካከል ሲነገር መልካሙ ጎልቶ ጥፋቱ ተሸፍኖ እንደሚቀር የታወቀ ነው። የኩዌከሮች መዝገብ ግን እንዲህ አያዳላም። ዊልያም ፔን በ1682 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ወደ አሜሪካ ከተሻገረ ወዲህ በፔንሲልቫኒያ የሰፈሩት የዚህ ማኅበር ሰዎች፥ በየወሩ ጉባኤያቸው ልደትን፥ ጋብቻንና ሞትን ይመዘግቡ ነበር። በሠርግ የተገኘው ሁሉ በምስክርነት ይፈርማል፤ ቤተሰብም አገር ሲለውጥ ከጉባኤው የምስክር ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የልጅ ልጅ የጥንቱን አያት ከሰፈር ወደ ሰፈር ተከትሎ ሊያገኘው ይችላል።

ነገር ግን በ1776 የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ፥ ባሪያውን ነጻ ለማውጣት እምቢ ያለ ሁሉ ከማኅበሩ እንዲሰናበት ወሰነ። እንግዲህ ተመራማሪው የሚያከብረውን አያቱን ከተሰናበቱት መካከል ቢያገኘው፥ ገጹን ዘሎ ማለፍ ያምረው ይሆናል። እኛ ይህን አንመክርም። በዚያ ዘመን የተጻፉት የነጻነት ወረቀቶች የጌታውን ብቻ ሳይሆን የባሪያውንም ስም ይዘዋልና፥ የአያቱን ጥፋት የሚሸሽግ ሰው የሌላውን ቤተሰብ አያት አብሮ ይሸሽጋል። ስለዚህ ክብሩም ጥፋቱም እንደ ተገኘ ይጻፍ እንላለን።