ቀጠሮና ፍርድ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለው የተረቱት፥ ሰውን ካጣው ነገር ብዛት ይልቅ ያጣበት መንገድ እንደሚያንገበግበው ስላወቁ ነው። ፍርድም የሚጠፋው በጉቦና በአድልዎ ብቻ አይደለም፤ በቀጠሮ ብዛትም ይጠፋል።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጀምሮ የነጋዴና የመንገደኛ ከተማ ናት። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በ1988 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋሙም ከአዲስ አበባ ጋር መቀመጫ ሆና ተሰይማለች። በከፊራ ገበያ ጠብ ያየ ሰው ከወራት በኋላ በሐረር ወይም በጅቡቲ ይገኝ ይሆናል። ነገሩ በቶሎ ካልታየ ምስክሩ ይርቃል፤ ያልራቀውም ያየውን ይረሳል። በዚህም ተበዳዩ ፍትሕን፥ ንጹሑ ተከሳሽም ነፃነቱን ያጣል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ያዛል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልወሰነም። አምስት ጊዜ ቢደገም 70 ቀን ይሆናል። ያን ሁሉ ቀን እናት ስንቅ ታመላልሳለች፤ ክሱ ግን ገና አልተጻፈም።

ክስ ከተመሠረተ በኋላም መዘግየት አለ። የደርግ ባለ ሥልጣናት ክስ በ1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ የጥፋተኝነቱ ፍርድ የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት ውስጥ ፍርዱን ሳይሰሙ የሞቱ ተከሳሾች አሉ። የወገኖቻቸውን ደም ይዘው የመጡት ቤተ ሰቦችም ያን ያህል ዘመን ጠበቁ።

እንግዲህ ከዳኛው ትጋትና ከዐቃቤ ሕጉ ጥንቃቄ ጋር ከእኛም የሚፈለግ አለ። ዘመድ የታሰረበት ቤተ ሰብ የተያዘበትን ሰዓትና እያንዳንዱን ቀጠሮ በጽሑፍ ይያዝ። 48ቱ ሰዓት ካለፈ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት መብቱ ነው፤ ዋስትናም ይጠይቅ። ለምስክርነት የተጠራም «ከነገር ልራቅ» ብሎ አይቅር። እርሱ በቀረበት ቀን ችሎቱ ለሌላ ጊዜ ይቀጠራልና፥ ምናልባትም ንጹሕ የሆነ ሰው በእስር ቤት ይሰነብታል። ስለዚህ መጥሪያ የደረሰው ሁሉ በቀኑና በሰዓቱ ይገኝ እንላለን።