ከምርጫ በኋላ ያለው ኑሮ

ሁለት ወንዶች አንዲት ሴት ስለ መውደዳቸው የተጻፈ ልብ ወለድ ባነበብን ጊዜ «ማንን ትመርጥ ይሆን?» እያልን እንጨነቃለን። ብዙዎቹም ደራስያን ሠርጉ እንደ ደረሰ ብዕራቸውን ያኖራሉ።

ሩሲያዊው ቶልስቶይ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ዓ.ም. በመጽሐፍ በወጣው «አና ካሬኒና» ታሪኩን ከሠርግ በኋላም ይቀጥላል። ኪቲ የተባለች ወጣት መኰንኑን ቭሮንስኪን ተስፋ አድርጋ ሌቪንን «አይሆንም» ብላ መለሰችው። ቭሮንስኪ ግን ባል ያላትን አናን ተከትሎ ሄደ፤ ኪቲም በኀዘን ታመመች። ቆይቶ ሌቪን ዳግመኛ ቢጠይቃት እሺ አለችው። የቀድሞ ነውሩን የጻፈበትን ማስታወሻ ቢሰጣትም አልቅሳ ይቅር አለችው። ከጋብቻቸው በኋላ ወንድሙ በሞት አፋፍ ሳለ፥ ሌቪን የሚያደርገው ጠፍቶት ሲቆም፥ እርስዋ ሐኪም አስጠርታ፥ ክፍሉን አስጠርጋ በሽተኛውን አስታመመች።

«ያኛውን አግብቼ ቢሆን ኖሮ» የሚል ሐሳብ ለብዙ ባለ ትዳር ይመጣል። ያላገባነው ሰው ታሞ አስታምሙኝ አይለንም፥ በቤት ወጪም አያከራክረንም፤ ስለዚህ እንከን የሌለበት ይመስለናል። ኪቲ ግን አስቀድማ የመለሰችውን ሰው ከመረጠች በኋላ ምርጫዋን በየዕለቱ ሥራ አጸናችው። እኛም ቃል ኪዳናችንን የምናጸናው እንዲሁ ነው።