አብራሪው ታች ምን አየ?

ባለፈው ፋሲካ ቁይ ቤተሰብ ጋ ሄጄ የአጎቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ኤፍ-5 ሚግ-21ን ሲያሳድድ የሚያሳይ፣ ሙዚቃ የተደረበበት ቪዲዮ ነው። «ጀግና ማለት ይሄ ነው!» አለኝ። ቡና የሚያፈሉት አያቴ ጩኸቱ ምን እንደሆነ ጠየቁ። አውሮፕላን ነው አልናቸው። «ዝጉልኝ እስቲ» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አያቴ የሞጣ ሰው ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «ርስታችን ሊለካ፣ ሊወሰድ ነው» ብሎ አመፀ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ነበሩ። ጦር ተላከ፤ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይልም መንደር ደበደበ። በኋላ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የተቃጠለውን ጎጆ ግን ማን ቆጠረው?

ጠቤ ከእኛ ከተራኪዎቹ ጋር ነው። ስለ አየር ኃይል ስናወራ ሰማይ ላይ የተደረገውን ብቻ እናወራለን። የኦጋዴን ጦርነት አብራሪዎች ክብር ይገባቸዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ለገሠ ተፈራ ተመትቶ ወድቆ 11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ታስሯል። በዛብህ ጴጥሮስ ኤርትራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተማርኮ፣ ከሁለተኛው፣ ከ1990ው፣ አልተመለሰም። ነገር ግን ሚግ መጣል የሥራቸው ጥቂቱ ነበር። ትልቁ ሥራ ምድር ላይ ነው፦ ታንክ መምታት፣ የስንቅና የነዳጅ ጉዞ መቁረጥ፣ ለተከበበ እግረኛ መድረስ። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ታንክ ድሬዳዋ አፋፍ ሲደርስ ከተማዋን ካተረፏት አንዱ ይኸው ነው።

ሞጣ ላይ የተሠራውም ያው ሥራ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ሐውዜን ላይ የተሠራውም ያው ነው፤ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን። የሞተው ሰው ብዛት ሲነሣ 2,500 የሚለው ቁጥር በብዛት ይጠቀሳል። ሚግ ስንት እንደጣለ የሚታወቅ አብራሪ አለን፤ የሐውዜንን ገበያ ዒላማ ብሎ የጻፈውን ሰው ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ወታደር ነው፣ ታዟል፣ ምንስ ያያል?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እናስላው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በሰከንድ 220 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 300 ሜትር የሚሆን የገበያ ሜዳ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ታጣቂን ከእህል ሻጭ መለየት ከባድ ነው፤ እውነት ነው። ስለዚህ የሚለይለት ሌላ ሰው አለ፦ ካርታ ላይ ያከበበ፣ በሬዲዮ «እዚያ ጋ» ያለ፣ ወረቀቱን የፈረመ። «አላየም» የሚለው መከላከያ አብራሪውን ነጻ ቢያወጣ እንኳ ይሄኛውን አያወጣም። እኛ ግን በአብራሪው ጀግንነት ስንጨቃጨቅ ይሄኛው በጓሮ በር ይወጣል። (ጡረታውንም ሳይበላ አልቀረም።)

ዛሬ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ የለም። ነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ የድሮን ጥቃት ደርሶ ከ20 በላይ ሰው መሞቱ ተዘገበ። በማግስቱ ስልካችን ላይ የምናየው ክርክር «ድሮኑ የየት አገር ሥሪት ነው?» የሚል ነበር። ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ዋጋውን እንተነትናለን። እንዴ! የአገሬ ልጅ የሞዴል ቁጥር በቃሉ ይዞ የሟች ስም አያውቅም።

አየር ኃይሉ ታሪኩን ሲጽፍ የጣላቸውን አውሮፕላኖች ብቻ ሳይሆን የደበደባቸውን ቦታዎችም ይጻፍ፤ ቀን፣ ዒላማ፣ ያዘዘው ሰው። አብራሪዎቹም በሕይወት ያላችሁ ንገሩን። ይሄን የሚል ሰው «ፀረ-ሠራዊት» ይባላል፤ ልባል። ድሬዳዋን ያዳነውን ሰው የማከብረው ታች ያለውን ለይቶ ስለመታ ከሆነ፣ ሳይለይ የመታውንም የመጠየቅ መብት አለኝ።

የአጎቴ ልጅ ቪዲዮውን አላጠፋውም፤ ድምፁን ብቻ ቀነሰ። እኔ በማግስቱ ደብተር ይዤ አያቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እስካሁን ሦስት ገጽ ነው፣ አብዛኛው የሰው ስም። ቢቡኝ፣ ሞጣ፣ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ያላችሁ፣ የ1960ውን ክረምት የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ዘንድሮውኑ ጠይቁልኝ። ከርሞ ላናገኛቸው እንችላለን።